በፖለቲካው ሥር ነቀል፣ በኬሚስትሪው ግትር፤ የጆሴፍ ፕሪስትሊ ሕይወት

ራዲካል የሚለው የፈረንጅ ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ አንድ ትርጉም አልበቃውም። እኔ ልጅ ሳለሁ በሬዲዮ የምንሰማው ሥር ነቀል የሚለውን ነበር፤ ሥር ነቀል ለውጥ፣ ሥር ነቀል ዕርምጃ፣ ሥር ነቀል አዋጅ። ያን ጊዜ ቃሉ ምስጋና ነበር። መንግሥት ተለውጦ ዓመታት ሲያልፉ አክራሪ የሚለው በተራው ገነነ፤ ይህኛው ክስ ነው። ከዚያ ጽንፈኛ መጣ፤ ይህ ደግሞ ከክስም አልፎ ያለ ችሎት የተሰጠ ፍርድ ይመስለኛል። በዚሁ መካከል የሒሳብ መምህራችን የካሬ ሥር ምልክት ሰሌዳው ላይ ሥለው ስሙ ራዲካል መሆኑን ሲነግሩን፣ የኬሚስትሪው መምህር ደግሞ ስለ ፍሪ ራዲካል ሲያስረዱን ከክፍሉ ተማሪ የደነገጠ አልነበረም።

ሁሉም የመጡት ሥር ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው። ላቲኑ ግን ስለ ሥር ብቻ ይናገራል፤ ስለ መንቀል አንዳች አይልም። ነቀላውን የጨመርንበት እኛ ነን። ወደ ሥሩ መውረድና ሥሩን መንቀል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እንዲገባኝ የረዳኝም የፖለቲካ መጽሐፍ ሳይሆን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነበር። ሰውየው ትምህርት ቤት ሳለን ኦክሲጅንን ያገኘ ተብሎ በአንድ መስመር ያለፍነው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሪስትሊ በ1733 በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ሊድስ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የሱፍ ጨርቅ አዘጋጅቶ የሚያድር ባለሙያ ነበር። እናቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተችበት ልጅ ያልነበራት ባለጸጋ አክስቱ ወስዳ አሳደገችው። ቤተሰቡ ከመንግሥታዊቱ የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን ውጭ የቆሙ የካልቪን ተከታዮች ነበሩ። ልጁ ሕመምተኛና ተብታባ ቢሆንም ለቋንቋ የተፈጠረ ነበር፤ ላቲን፣ ግሪክና ዕብራይስጥ ተምሮ ሶርያኛና ዓረብኛም ሞካክሯል። ወጣት ሳለ የአክስቱ ቤተክርስቲያን አባል ልሁን ብሎ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ስለ አዳም ኃጢአት ጠየቁት። እሱ ባልሠራው ጥፋት የጸጸት ስሜት ሊሰማው እንዳልቻለ በቅንነት ተናገረ፤ እነሱም አልተቀበሉትም። የማይሰማውን ይሰማኛል ቢል ኖሮ የሚጠይቀው አልነበረም። ይህ ጠባይ እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖሯል።

በዚያ ዘመን የመንግሥታዊቱን ቤተክርስቲያን እምነት በፊርማው ያላረጋገጠ ሰው ከኦክስፎርድም ሆነ ከካምብሪጅ ዲግሪ አያገኝም ነበር። ፕሪስትሊ በ1752 የገባው እንደሱ ያሉት የተገለሉ ሰዎች ባቋቋሙት የዳቨንትሪ አካዳሚ ነው። እዚያ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ሁለቱንም ወገን አንብቦና ተከራክሮ መማር የተለመደ ነበር። የሕግ ተማሪዎች በምስለ ችሎት የምናደርገው ዓይነት መሆኑ ነው። አገሪቱ በሯን የዘጋችባቸው ሰዎች ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተሻለ ትምህርት ቤት አቋቁመው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰባኪ ሆኖ የጀመረበት ሥራ አልቀናውም። አንደበቱ ይያዝበታል፤ ትምህርቱም ምእመናኑን ያስደነግጣል። በ1761 ዋሪንግተን በሚገኝ አካዳሚ መምህር ሆነ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝኛ ሰዋስው አሳተመ። በቀጣዩ ዓመት የብረት ኢንዱስትሪ ባለቤት የነበረውን የጆን ዊልኪንሰንን እህት ሜሪን አገባ። በዋሪንግተን ያቀረበው ሐሳብ ዛሬ ተራ ይመስላል። ነጋዴና ባለሙያ የሚሆን ወጣት ከጥንት ቋንቋዎች ይልቅ ዘመናዊ ታሪክ፣ የአገሩን ሕግና ንግድ ቢማር ይጠቅመዋል የሚል ነበር። ለዚሁ ትምህርት በ1765 ባሳተመው ሰንጠረዥ ላይ ወደ 2,000 የሚጠጉ ታዋቂ ሰዎችን ዕድሜ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 ጀምሮ እስከ 1800፣ በመስመር ርዝመት አሳየ። ነገሥታቱና ገጣሚዎቹ፣ ሐኪሞቹና የሒሳብ ሊቃውንቱ በአንድ ወረቀት ላይ እኩል መስመር ሆነው ተሰለፉ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕግ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የሙያ ባልደረባዬ ልለው ይቃጣኛል፤ ፍርድ ቤት ቆሞ ባያውቅም።

ለንደን ላይ ከአሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጋር ተዋወቀ። በእሱ አበረታችነትም የኤሌክትሪክን ታሪክ በ1767 አሳተመ። መጽሐፉ የሌሎችን ሥራ ብቻ የሚተርክ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ስበት ሁሉ በርቀቱ ካሬ መጠን እንደሚቀንስ በውስጡ ገምቷል። ፈረንሳዊው ኩሎምብ ይህንኑ በ1785 በመለኪያ አረጋገጠ። ፕሪስትሊ በ1766 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሲሆን ደመወዙ አነስተኛ የሆነ፣ መምህርነትና ስብከትን እያፈራረቀ የሚኖር ሰው ነበር።

በ1767 ሊድስ ላይ ሰባኪ ሆኖ ሲቀጠር የተከራየው ቤት ከቢራ ጠማቂ ጎን ነበር። ከሚፈላው ጋን በላይ የሚንሳፈፈውን፣ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን ጋዝ መመርመር ጀመረ። ውሃ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከጋኑ በላይ እያገላበጠ ሲያንቆረቁር ውሃው ጋዙን ይጠጣል። እኛን አምቦ ላይ ተፈጥሮ በነጻ የሰጠችንን እሱ በእጁ ሠራው ማለት ነው። አሠራሩን በ1772 አሳትሞ ለማንም በነጻ ለቀቀው። ከዓመታት በኋላ ጄኔቫ ውስጥ በዚሁ ጥበብ ፋብሪካ የከፈተው ያኮብ ሽቬፕ ሲሆን ስሙ ዛሬም በጠርሙስ ላይ ይነበባል። ፕሪስትሊ ከዚህ ሀብት አምስት ሳንቲም አላገኘም።

በሊድስ ዘመኑ በ1768 ስለ መንግሥት መሠረታዊ መርሖች የጻፈው ድርሰት ለኔ ከኦክሲጅኑ አያንስም። በዚህ ድርሰት ሁለት ነጻነቶችን ለይቷል። አንደኛው ፖለቲካዊ ነጻነት ነው፤ ሥልጣን የመያዝ፣ ባለሥልጣን የመምረጥ መብት። ሁለተኛው ሲቪል ነጻነት ነው፤ መንግሥት ማንም ይሁን ማን ሊነካው የማይገባ፣ ሰው በራሱ ድርጊት ላይ ያለው ሥልጣን። አብዮተኛ ብለው ያወገዙት ሰዎች ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር ፕሪስትሊ አብልጦ የሚሳሳለት ለሁለተኛው መሆኑን ነው። መንግሥት የሁሉንም ልጆች በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ይቅረጽ የሚለውን ሐሳብም ተቃውሟል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ አዲስ ነገር ከየት ይመጣል በሚል ምክንያት። ንጉሡ ይውረድ አላለም። በሃይማኖት አንድነትን የሚያምን ዩኒቴሪያን ቢሆንም በፖለቲካ ግን ንጉሥ፣ የመሳፍንት ምክር ቤትና የሕዝብ ምክር ቤት የሚባሉትን ሦስቱን እንደሚቀበል እየቀለደ ይናገር ነበር።

በ1773 የሼልበርን ጌታ በዓመት 250 ፓውንድ እየከፈለ ቤተ መጻሕፍቱን እንዲጠብቅና ልጆቹን እንዲቆጣጠር ቀጠረው። ነሐሴ 1 ቀን 1774 በጌታው ግቢ በቦውድ ቤት፣ ቀይ የሜርኩሪ ዱቄትን የፀሐይ ብርሃን በሚሰበስብ ትልቅ ሌንስ አሞቀ። ከዱቄቱ የወጣው አየር ሻማን ከተለመደው በላይ አደመቀ። በቀጣዩ መጋቢት አይጥ ቢያስገባበት በተራ አየር ውስጥ ከሚጠበቀው እጥፍ ያህል ጊዜ በሕይወት ቆየች። እሱ ራሱም ማገው፤ ደረቱ ቀለል አለው። ስዊድናዊው ሼለ ይህንኑ ጋዝ ቀደም ብሎ ቢያገኘውም ያሳተመው በ1777 በመሆኑ ፕሪስትሊ በሕትመት ቀድሞታል።

የሕይወቱ እንቆቅልሽ ከዚህ ይጀምራል። የዚያ ዘመን ኬሚስቶች ማንኛውም የሚነድ ነገር ፍሎጂስተን የሚባል ረቂቅ ነገር በውስጡ እንዳለውና ሲነድ ይህንኑ እንደሚለቅ ያምኑ ነበር። ፕሪስትሊ ያገኘውን አየር ፍሎጂስተን የሌለበት አየር አለው፤ ከሚነደው ነገር ፍሎጂስተኑን ስለሚስብ እሳቱን ያደምቃል በሚል ስሌት። በጥቅምት 1774 ፓሪስ ላይ እራት ሲበላ ያየውን ሁሉ ሳይደብቅ ለአንትዋን ላቮዝየ ነገረው። ላቮዝየ ሚዛን አወጣና መዘነ። ብረት ሲቃጠል ክብደቱ የሚጨምር ከሆነ አንድ ነገር ወሰደ እንጂ አልለቀቀም አለ። ጋዙን ኦክሲጅን ብሎ ሰየመው፤ በ1789 ባሳተመው መጽሐፉም አሮጌውን ኬሚስትሪ ከሥሩ ነቀለው። ራዲካል የሚለውን ቃል ወደ ኬሚስትሪ ያስገቡትም የዚሁ የፈረንሳይ ቡድን ሰዎች ናቸው፤ በ1780ዎቹ። እነሱ የፈለጉት የአሲድ ሥር ወይም መሠረት የሆነውን ክፍል መሰየም ብቻ ነበር።

ፕሪስትሊ ግን አሻፈረኝ አለ። በፖለቲካውና በሃይማኖቱ አሮጌውን ሁሉ የሚጠይቅ ሰው በሳይንሱ የአሮጌው ጠበቃ ሆኖ ቀረ። ብዙዎች ይህን እርጅናና ግትርነት ብለው ያልፉታል። ግትርነትማ አለበት፤ አልክድም። ነገር ግን የራሱን ክርክር ላነበበ ሰው ምክንያቱ ሌላ ነው። አዲሶቹ ስሞች ጽንሰ ሐሳቡን በውስጣቸው ስለያዙ፣ ስሙን የተቀበለ ተማሪ ሳያውቀው ክርክሩን ተሸንፏል ብሎ ያምን ነበር። ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ስም ያወጡ ጥቂት ሊቃውንት ለዓለም ሁሉ ሲደነግጉ የሌላ ሲኖዶስ ጉባኤ የታየው ይመስለኛል። በነገሩ ተሳስቷል። የተሳሳተበት ምክንያት ግን ሽማግሌዎቹ ፊት አዳምን አስመልክቶ እንቢ ካለበት ምክንያት የተለየ አልነበረም።

በ1780 ወደ በርሚንግሃም ተዛወረ፤ በሕይወቱ ደስተኛ የነበረበት ዘመን ይህ ነው። ጄምስ ዋት፣ ማቲው ቦልተን፣ ጆሳያ ዌጅውድና የቻርልስ ዳርዊን አያት የሆነው ኢራስመስ ዳርዊን አባል የሆኑበት የጨረቃ ማኅበር ነበር። ስሙን ያገኘው ማታ በጨረቃ ብርሃን ወደየቤታቸው ለመመለስ እንዲመቻቸው ሙሉ ጨረቃ ስትሆን አካባቢ ይሰበሰቡ ስለነበር ነው። ከተማዋ ውስጥ ሰባኪ ሆኖ እየሠራ በ1782 ስለ ክርስትና መበላሸት ታሪክ ጻፈ። ክርክሩ የጥንቷ ቤተክርስቲያን እምነት ቀላል እንደነበርና ምሥጢረ ሥላሴን የመሰሉት ትምህርቶች በኋላ የተጨመሩ ናቸው የሚል ነው። ይህ አቋም ለአብዛኛው አንባቢዬ እንግዳ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ጥብቅና ልቆምለት አልተነሳሁም። ሕጉን ግን ልናገር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥላሴን መካድ በ1698 በወጣ ሕግ ወንጀል ነበር፤ ይህ ድንጋጌ የተነሳው በ1813 ነው። በሌላ አነጋገር ፕሪስትሊ እሑድ እሑድ አትሮንስ ላይ የሚወጣው ሕግ እየተላለፈ ነበር፤ ሁሉም ያውቃል፤ የሚከሰው ግን የለም። እንዲህ ያለው ያልተነሳና ያልተሠራበት ሕግ እጅግ አደገኛ የሕግ ዓይነት ነው። ዳኛው ባይጠቀምበትም መንገደኛው ይጠቀምበታል።

ከ1787 ጀምሮ ከመንግሥታዊቱ ቤተክርስቲያን ውጭ የቆሙት ዜጎች ሹመት የሚከለክሏቸውን ሕጎች ለማስሻር ሦስት ጊዜ ለፓርላማ አቤት አሉ። ፕሪስትሊ ከፊት ተሰልፎ ጻፈ። ለካቶሊኮችም ተመሳሳይ መብት ይሰጥ ሲል ከራሱ ወገን እንኳ ጥቂቶች ነበሩ የተከተሉት። ቀደም ሲል በ1785 ነጻ ምርመራ በአሮጌው የስሕተት ሕንፃ ሥር ባሩድን ቅንጣት በቅንጣት እንደማስቀመጥ ነው የሚል ምሳሌ ጽፎ ነበር። ምሳሌው ስለ መጻሕፍት ነበር፤ ጠላቶቹ ግን ባሩዱን ብቻ አነበቡ። ባሩድ ጆ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። በ1790 ኤድመንድ በርክ ፓርላማ ውስጥ የፕሪስትሊን ጽሑፍ እያጣቀሰ ተከራከረ፤ አቤቱታውም 294 ለ105 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ሕጎቹ እስኪሻሩ ድረስ እስከ 1828 መጠበቅ ግድ ሆነ። አንድ ምሳሌ፣ ያውም በስብከት ውስጥ፣ ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍላል ብሎ ማን ይገምታል?

ሐምሌ 14 ቀን 1791 የፈረንሳይ አብዮት ሁለተኛ ዓመት ነበር። በበርሚንግሃም አንድ ሆቴል የበዓል ምሳ ተዘጋጀ። ፕሪስትሊ ወዳጆቹ ስለመከሩት አልሄደም። ማታ ቤተክርስቲያንና ንጉሥ ለዘላለም እያለ የሚጮኽ ሕዝብ የሆቴሉን መስኮት ሰባበረ፤ ሁለቱን የተገለሉ ምእመናን ጸሎት ቤቶች አጠቃ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ፕሪስትሊ ቤት አዞረ። እሱ ከሚስቱ ጋር ባክጋሞን እየተጫወተ ነበር። የለበሱትን ብቻ ይዘው በሠረገላ ወጡ። ሌሊቱ ጸጥ ያለ፣ ጨረቃውም የደመቀ ስለነበር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመው ቤታቸው ሲፈርስ ድምፁን ይሰሙ ነበር። ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱና የብዙ ዓመት የእጅ ጽሑፎቹ ጠፉ። ሁከቱ ለሦስት ቀን ቀጠለ፤ የከተማዋ ዳኞች ነገሩን ዓይተው እንዳላዩ አልፈዋል ተብለው እስከ ዛሬ ይታማሉ።

እዚህ ላይ እንደ ሕግ ሰው ትንሽ ልቆይ። በሁከቱ ከተሳተፉት ብዙ ሰዎች ለፍርድ የቀረቡት 17 ብቻ ናቸው፤ አራቱ ጥፋተኛ ተብለው ሁለቱ ተሰቀሉ። በእንግሊዝ የሁከት ሕግ መሠረት ንብረት ሲወድም ካሳ የሚከፍለው የአካባቢው ነዋሪ ነው። ፕሪስትሊ የንብረቱን ዝርዝር አቅርቦ ወደ 2,500 ፓውንድ ተፈረደለት፤ ከጠየቀው ያነሰ ነው። የካሳ ዝርዝር ያዘጋጀ ሰው ይህን ያውቃል። የወንበሩ ዋጋ አለ፤ የመስተዋቱም ዋጋ አለ፤ ገበያ ወጥቶ የማያውቅ የእጅ ጽሑፍ ዋጋ ግን ከየት ይመጣል? ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በበኩላቸው መንገዱን ባይደግፉትም ፕሪስትሊ በገዛ ትምህርቱ መዘዝ መቀጣቱ እንዳስደሰታቸው ለሚኒስትራቸው ጽፈዋል። ሕጉ ለተበዳዩ ካሳ ይከፍላል፤ ንጉሡ ግን ለበዳዩ ምክንያት ይሰጣል። ሁለቱም በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት።

ለንደን አጠገብ ሃክኒ ተጠለለ። የሳይንስ ማኅበሩ ባልደረቦቹ ፊት ነሱት፤ ምስሉ በየከተማው ይቃጠል ነበር። ፈረንሳይ በበኩሏ በ1792 ዜግነት ሰጠችው፤ ለብሔራዊ ሸንጎም ተመረጠ። የሸንጎውን ወንበር አልተቀበለም። ጥር 1793 የፈረንሳይ ንጉሥ ተሰየፈ፤ በየካቲት ጦርነት ተጀመረ። ሚያዝያ 1794 ፕሪስትሊና ሚስቱ ወደ አሜሪካ መርከብ ተሳፈሩ።

እሱ ገና ባሕር ላይ ሳለ፣ ግንቦት 8 ቀን 1794፣ ላቮዝየ ከሌሎች የንጉሡ ግብር ሰብሳቢዎች ጋር ፓሪስ ላይ በጊሎቲን ተሰየፈ። በኬሚስትሪ አብዮት ያመጣውን የሰየፉት የፖለቲካ አብዮተኞች ናቸው። በኬሚስትሪ አሮጌውን የሙጥኝ ያለውን ያሳደዱት ደግሞ የአሮጌው ሥርዓት ደጋፊዎች ናቸው። ፓሪስ እራት ላይ ስለ አንድ ጋዝ የተጨዋወቱ ሁለት ሰዎች!

ሰኔ 4 ቀን ኒው ዮርክ ገባ። እዚያም ሰላም አልነበረም። ዊልያም ኮቤት የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የፕሪስትሊን ስደት የሚያብጠለጥል ጽሑፍ አውጥቶ ተቀበለው። የሚገርመው ይኸው ኮቤት ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ አቋሙን ለውጦ በአገሩ የታወቀ ራዲካል ሆነ፤ በ1810 በሕትመት ወንጀል ታስሯል። ቃሉ የሰዎች መጠሪያ ሆኖ የተለመደው በዚሁ ክፍለ ዘመን ነው። ፕሪስትሊ በሕይወት ሳለ ብዙ ስድብ ቢጠግብም ይህ ስም ግን አልደረሰለትም።

ኑሮውን በፔንሲልቬንያ ገጠር፣ ኖርዝአምበርላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ አደረገ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህርነት ሲያቀርብለት አልተቀበለም። በ1795 ታናሽ ልጁ ሃሪ፣ በ1796 ሚስቱ ሞቱበት። በ1798 ፕሬዚዳንቱ አደገኛ ነው ያለውን የውጭ አገር ሰው እንዲያባርር የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ቲሞቲ ፒከሪንግ ፕሪስትሊ እንዲባረር ወተወተ። ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ስብከቱን ፊላደልፊያ ላይ ያዳምጥ ስለነበር ሰውየው ጉዳት የለውም ብሎ ተወው። ወዳጁ ቶማስ ኩፐር ግን ፕሬዚዳንቱን በመንቀፉ በ1800 የ400 ዶላር መቀጮና የስድስት ወር እስራት ተፈረደበት። በ1801 ቶማስ ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት ሆኖ አክብሮቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ላከለት። ፕሪስትሊም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይጠላው መንግሥት ሥር እንደሚኖር ጽፏል። ያን ጊዜ 68 ዓመቱ ነበር።

በ1800 ፍሎጂስተንን የሚያጸና መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ወቅት የሚደግፈው ኬሚስት የቀረ አይመስልም። ሆኖም ለአዲሱ ኬሚስትሪ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ አቀረበ፤ የብረት ዝቃጭ ከከሰል ጋር ሲሞቅ የሚነድ ጋዝ ይወጣል፣ በእናንተ ስሌት ግን መውጣት የለበትም አለ። ትክክል ነበር። ክሩክሻንክ የሚባል ኬሚስት በ1801 ጉዳዩን ሲመረምር ጋዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ተገኘ። የተሸናፊው ተቃውሞ የአሸናፊውን ትምህርት ሞላለት።

የካቲት 6 ቀን 1804 ማለዳ አልጋው ላይ ሆኖ የጽሑፎቹን እርማት ለልጁና ለኩፐር አስጻፈ። የጻፉትን መልሰው ሲያነቡለት ያለውን ትተው በራሳቸው ቃል እንዳስቀመጡት አስተዋለ፤ እንደገና ቃል በቃል አስደገማቸው። ከዚያ ሥራው ማለቁን ተናገረ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም አረፈ።

በ1874 የኦክሲጅን ግኝት መቶኛ ዓመት ሲከበር የአሜሪካ ኬሚስቶች በኖርዝአምበርላንድ ቤቱ ዘንድ ተሰበሰቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ተመሠረተ፤ የማኅበሩ ከፍተኛ ሽልማትም የፕሪስትሊ ሜዳይ ይባላል። የዛሬ ኬሚስቶች ስለ ኦክሲጅን የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ። የምንተነፍሰው የኦክሲጅን ሞለኪውል ያልተጣመሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ስላሉት በእነሱ ቋንቋ እሱ ራሱ ራዲካል ነው፤ ያውም ድርብ ራዲካል።